የመልእክት መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ

ከጦሳ ተራራ ግርጌ በደጋው ላይ የተቀመጠችው ደሴና፣ ከእርሷ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ በቦርከና ሸለቆ የምትገኘው ኮምቦልቻ፣ በአየር ጠባይ የተለያዩ፣ በከፍታም 600 ሜትር ያህል የሚበላለጡ ሁለት ከተሞች ይሁኑ እንጂ፣ ንግዳቸውም ዝምድናቸውም ወሬያቸውም ሳይነጣጠል የኖረ ነው። የእነዚህን ከተሞች የመልእክት ታሪክ ከጥንት ጀምሮ በትዕግሥት የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም ቃል ከሩቅ አገር ተነሥቶ ሰፊውን ጎዳና በደኅና ከተጓዘ በኋላ፣ የሚደክመውና የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻዋ አጭር እርምጃ ላይ፣ ከጣቢያው እስከ ቤቱ ደጃፍ፣ ከደጃፉም እስከ ጓዳው ባለችው ስፍራ መሆኑ ነው። ዛሬ በሆጤም ሆነ በቧንቧ ውሃ፣ በገራዶም ሆነ በኮምቦልቻ ሰፈሮች፣ አባወራው ወይም እመቤቲቱ ራውተር ገዝተው ካስተከሉ በኋላ «ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ፤ ዋይፋዩ ይሞላል፣ ነገር ግን ምንም አይከፍትም» እያሉ የሚያሰሙት አቤቱታ፣ በዚህ ረዥም ታሪክ ውስጥ ቦታውን ካላገኘ ምክንያቱም መድኃኒቱም በውል አይገለጥም።

ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት በነበረው ዘመን መልእክት የሚሄደው በእግረኛና በበቅሎ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም የወሎ መኳንንትም ሊቃውንቱም በአንድ ሜዳ ተሰብስበው ነበርና፣ እንዲህ ካለው ጉባኤ የሚወጣው ቃል ወደ አውራጃው የሚደርሰው በማኅተም በታተመ ደብዳቤና በዐዋጅ ነጋሪ አንደበት ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ ዐዋጁ በገበያ ቀን ይነገራል፤ ከገበያው እስከ ገጠሩ ጎጆ ግን ቃሉን ተሸክሞ የሚሄደው ጨው ሊገዛና እህል ሊሸጥ የመጣው ገበያተኛ ነውና፣ ከቤተ መንግሥት ሳይጎድል የወጣው ነገር በዚያች በመጨረሻዋ ጉዞ አንዱ ይጨምርበት፣ ሌላው ይቀንስለት ነበር። ራስ ሚካኤል ደሴን ዋና ከተማቸው አድርገው በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ሲያበሉም፣ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡም፣ የሰኞ ገበያ ሰው ለሰው የሚያቀብለው ወሬ ለብዙው ሕዝብ ዋነኛው የዜና መንገድ እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

በ1882 ዓ.ም. ገደማ ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ሲመለሱ ያመጡት ስልክ በዐፄ ምኒልክ ግቢ በተሞከረ ጊዜ፣ ተናጋሪው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ ካህናቱን አስደንግጦ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው እስከ ማለት እንዳደረሳቸው ይተረካል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አዲሱን ጥበብ አልተዉትምና ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር በዘመናቸው ተዘረጋ። ወሎ የሽቦውን ዘመን ያየችው በሌላ በኩል ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ኢጣሊያኖች ከአስመራ ተነሥቶ በደቡብ አቅጣጫ እስከ አዲስ አበባ የሚደርስ የቴሌግራፍ መስመር ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲሠሩ፣ መስመሩ በወሎ ምድር አለፈ፤ ወረኢሉም በዚህ መስመር ላይ በመገኘቷ ከቀድሞው የበለጠ ታዋቂነት አገኘች።

የዚያ ዘመን ሽቦ ጠላቶች ብዙ ነበሩ። ምስጥ የእንጨቱን ምሰሶ ከሥሩ ይበላዋል፤ ዝሆን ባለበት ቆላ ዝሆን ይታከክበታል፤ የሚያብረቀርቀውን ሽቦ ያየ መንገደኛ ለአምባርና ለጌጥ ቆርጦ ይወስደዋል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡና ነፋሱ ይጥለዋል። እንግዲህ መስመሩ ዝም ባለ ጊዜ፣ በየተራራውና በየሸለቆው የተዘረጋውን ሽቦ ሁሉ በእግር እየሄዱ መመርመር ወራትን የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ በዓለም ሁሉ ያሉ የቴሌግራፍ ሰዎች የሚከተሉት አንድ ሥርዐት ነበር፤ ከዋናው ጣቢያ ተነሥተው በመስመሩ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች በተራ ይጠራሉ፤ የመጀመሪያው መልስ ከሰጠ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ከሰጠ ሦስተኛውን ይጠይቃሉ፤ መልስ የሰጠው የመጨረሻው ጣቢያ ከታወቀ፣ ጉድለቱ በእርሱና ዝም ባለው በሚቀጥለው ጣቢያ መካከል መሆኑ ያለ ክርክር ይረጋገጣልና፣ የመስመር ሠራተኛው በበቅሎው ወደዚያች ክፍል ብቻ ይላካል። ይህ ሥርዐት ቀላል ይመስላል፤ ግን በእኔ አስተያየት ከሽቦውም ከመሣሪያውም የሚበልጥ ጥበብ ነው። ሰው በተፈጥሮው ነገር ሲበላሽበት መጀመሪያ በአፉ የመጣለትን ይከስሳል፤ የመስመር ሠራተኛ ግን ክፍል ለይቶ ሳይመረምር ማንንም አይከስስም።

በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ፤ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመታ፤ በስፍራው የነበሩት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ወሬውን ለዓለም አሰሙት። በሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ እስከ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው ጎዳና ተሠራ፤ ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ ወደ አሰብ የሚወርደውም መንገድ ኮምቦልቻን የመገናኛ በር አደረጋት። ሽቦ የሚተክልም የሚጠግንም ሰው መንገድ ይሻልና፣ ከዚያ በኋላ የስልኩ መስመር የመኪናውን ጎዳና ተከትሎ መሄድ ጀመረ።

በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በዐዋጅ ሲቋቋም፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ቴሌ» እያለ የሚጠራው ቤት በሕግ ተወለደ። የእጅ ማዞሪያ በነበረበት በዚያ ዘመን ሩቅ አገር መደወል የሚሻ ሰው ቴሌ ቤት ሄዶ የሚፈልገውን ሰው ስምና ከተማ ያስመዘግባል፣ ተራውን ይጠብቃል፤ የማዞሪያዋ ሠራተኛ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየሰካች ከተማ በከተማ አድርጋ ታገናኘዋለች፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ተጠሪ ስልክ በቤቱ ከሌለው ደግሞ መልእክተኛ ተልኮ «በዚህ ሰዓት ትፈለጋለህ» ይባላል። እንግዲህ ድምፁ ከደሴ አዲስ አበባ በቅጽበት ደርሶ ሳለ፣ ከቴሌ ቤቱ እስከ ተጠሪው ቤት ላለችው አጭር መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ከዚያ በኋላ አውቶማቲኩ መጣ፤ ወሎም 03 በኋላም 033 የሚለውን መለያ ይዞ ያለ አገናኝ መደዋወል ተጀመረ፤ ስልኩ ግን በጥቂት ቤቶች ብቻ ስለ ነበረ፣ ያለው ሰው የሰፈሩን ሁሉ መልእክት ተቀባይ ሆኖ ኖረ።

እዚህ ላይ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ነው። በደሴና በአዲስ አበባ መካከል መንገድ ነበረ፣ ስልክም ነበረ፤ ሆኖም የሚሞተው ሕዝብ ጩኸት ለረዥም ጊዜ በሽቦው አልሄደም። ረኀብተኛው ራሱ በእግሩ ወደ ደቡብ ተጉዞ በመንገድ ዳር ወደቀ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ሥዕሎች በ1965 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በለንደን ታይቶ ዓለሙ ሁሉ ሰማ። ያን ጊዜ የተዘጋው መስመሩ አልነበረም፤ መስማት ያልፈለገ ጆሮና መናገር የፈራ አንደበት ነበር። የመልእክትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሽቦውን ብቻ ቢቆጥር፣ ወሎ ከሁሉ የሚያሳዝነውን ምዕራፍ ይከለክለዋል።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚያቀባብል መረብ ነበረው፤ ለአውራጃ ሰው ግን ይህ ገና ተረት ነበር። መጀመሪያ የመጣው በስልክ መስመር እየደወሉ የሚገቡበት ዓይነት ሲሆን፣ ሞደሙ እየጮኸ ይገናኛል፣ ቤተሰቡ ስልክ ሊደውል አይችልም፣ ፍጥነቱም ቢበዛ በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት ነው፤ ስለዚህ ወጣቱ በከተማ በተከፈቱት ኢንተርኔት ቤቶች ደቂቃ እየገዛ የዲቪ ሎተሪ ይሞላ፣ በውጭ አገር ላለ ዘመዱም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ቀጥሎ ኤዲኤስኤል የሚባለው በዚያው በመዳብ ሽቦ ላይ ድምፁንና ኢንተርኔቱን በተለያየ ሞገድ ለይቶ የሚያስተላልፍ ጥበብ መጣ። በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ከቻይናው ዜድቲኢ ኩባንያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ውል ሲዋዋል፣ በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ዳር የመስተዋት ገመድ ይኸውም ፋይበር የሚዘረጋበት ሥራ ታላቅ እርምጃ አገኘ፤ ኅዳር 2003 ዓ.ም. ላይም የቀድሞው የቴሌ ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። በዚያው ዘመን ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ተማሪዎችን ሰበሰበ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ተማሪውም ነጋዴውም ፋብሪካውም ኢንተርኔትን እንደ መብራትና እንደ ውሃ ይፈልገው ጀመር።

ራውተሩ በአየር ላይ የሚያሰራጨው ጥበብ የራሱ ጥንተ ነገር አለው። በ1963 ዓ.ም. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰን የተባለ ሊቅና ጓደኞቹ በባሕር በተለያዩ ደሴቶች ላይ ያሉትን የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች በራዲዮ ለማገናኘት ሲሞክሩ፣ ሁሉም በአንድ ሞገድ ስለሚናገሩ የሁለቱ ቃል በአንድ ጊዜ ከተጋጨ ሁለቱም ጠፍቶ እንደገና መላክ ግድ ሆነ፤ እነርሱም የተጋጩት ወገኖች እያንዳንዳቸው የተለያየ ጊዜ ጠብቀው እንዲደግሙ ሥርዐት አወጡ። በ1977 ዓ.ም. የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን 2.4 ጊጋ ሄርዝን የመሰሉ ሞገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ ከፈቀደ በኋላ፣ የዋይፋይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በገባበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ከአብራምሰን ሥርዐት የተወለደው ደንብ ዛሬም በየቤታችን ራውተር ውስጥ ይሠራል፤ በማሕሌት የቀኝና የግራ መዘምራን አንዱ ሲመራ ሌላው ታግሦ በተራው እንደሚቀበል፣ በአንድ ሞገድ ላይ ያሉ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ በግድግዳው ማዶ በዚያው ሞገድ የሚናገሩት የጎረቤት ራውተሮችም ከተራው ይካፈላሉ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያጥለቀልቅ፣ ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ እስኪመለሱ ድረስ ሕዝቡ ከዘመዱ ተለይቶ፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆየ፤ ልጇ አዲስ አበባ ያለባት እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ የኖረችባቸው ሳምንታት በማንኛውም ፍጥነት መለኪያ አይለኩም። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በመደበኛው መስመር የሚሠራ ዋይፋይ ያለበት ቤትና ሆቴል ተፈላጊ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ የይለፍ ቃል ለጎረቤት መስጠት በወሎ ልማድ ቡና ከመጥራት አይለይም፤ የሚነቀፍም አይደለም። ይሁን እንጂ ለአራት ሰው ታስቦ የተገዛው መስመር ሃያ ስልክ ሲሸከም መንቀራፈፉ አይቀርም።

አሁን እንግዲህ የጥንቶቹ የመስመር ሰዎች ሥርዐት ወደ ቤታችን ይግባ። ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ለመፈጸም ከሴኮንድ አንድ ሺህ እጅ ሁለቱ ብቻ ይበቃዋል። ከአዲስ አበባም ኢትዮጵያ ባሕር የላትምና በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመዶች ወጥቶ አውሮፓ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ምድርና ባሕር በዐይን ጥቅሻ ያቋረጠ መልእክት ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ባሉት ጥቂት ክንዶች ላይ ሊጠፋ መቻሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ግን በየቀኑ የሚሆን ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጣቢያ ሞደሙ ነው። አዲሱን ራውተር ነቅሎ፣ ዋይፋዩንም ትቶ፣ አንድ ኮምፒዩተር በገመድ ከሞደሙ ጋር በቀጥታ አያይዞ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ፍጥነቱን መለካት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ውሉ የሚጻፈው በሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒዩተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለ ሆነ፣ የ4 ሜጋ ቢት ደንበኛ በሴኮንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ቢያይ የተበደለው ነገር የለም፤ 100 ሜጋ ባይት የሚሆን ፊልም ለማውረድም ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ያህል መጠበቁ የውሉ ልክ ነው። በዚህ ልኬት ውሉ የሚለው ከተገኘ መንገዱ እስከ ሞደሙ ጤነኛ ነው፤ ጉድለቱ በቤት ውስጥ ነው። ካልተገኘ ግን ራውተሩን መውቀስ ግፍ ነው።

ከሞደሙ ወደ ውጭ ያለው ክፍል የመዳብ ከሆነ፣ ከጣቢያው ካቢኔት የሚርቀው ቤት ከሚቀርበው ያነሰ ማግኘቱ የመዳብ ጠባይ ነው፤ ኤዲኤስኤል በቅርብ በሴኮንድ ከ20 ሜጋ ቢት በላይ ሊሰጥ ሲችል፣ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ከተራቀ ጥቂት ሜጋ ቢት ቢተርፈው ነው። በደሴ ዳገት ላይ ቤቱ ከካቢኔቱ በዐይን ቅርብ ቢመስልም፣ ገመዱ መንገዱን ተከትሎ ስለሚዞር ርቀቱ የሚቆጠረው በገመዱ ነው። የደጋው ክረምት ደግሞ ውሃ በመገጣጠሚያው ላይ አስገብቶ መዳቡን ያዝገዋል፤ ምልክቱም በስልኩ ላይ የሚሰማው መንሿሿት ነው። ስልኩ ሲነሣ ኢንተርኔቱ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ድምፁን ከኢንተርኔቱ የምትለየው ትንሽ ማጣሪያ ጠፍታለች ወይም ተበላሽታለች፤ በየክፍሉ የተጎተተውን ቅጥያ ሽቦ ሁሉ ነቅሎ ሞደሙን በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ብቻ መሞከር ብዙ ጊዜ ነገሩን ይገልጠዋል።

ሁለተኛው ጣቢያ ራውተሩ ራሱ ነው፤ «ራውተር ካስገባሁ ወዲህ» የሚለው አቤቱታም በብዛት የሚነሣው ከዚህ ነው። ከቴሌ የሚሰጠው ሞደም አብዛኛውን ጊዜ ራሱም ራውተር ስለ ሆነ፣ ከገበያ የተገዛው ሁለተኛው ሲቀጠልበት በአንድ ቤት ሁለት አስተዳዳሪ ይነግሣል፤ ሁለቱም 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ ይዘው ሁለቱም ለስልኮቹ ቁጥር ሲያድሉ መደናገር ይመጣል። የሚበጀው አንዱን አድራሽ ብቻ አድርጎ ቁጥር የማደሉን ሥልጣን ለሌላው መተው ነው፤ የጥገና ሰዎች ይህን «ብሪጅ ማድረግ» ይሉታል። በሞደሙና በራውተሩ መካከል ያለችው አጭር ገመድም አትናቅ፤ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት፤ አንዱ በጫፉ በደንብ ካልተጨመቀ መሣሪያዎቹ ፍጥነታቸውን ቀንሰው በ100 ሜጋ ቢት ይስማማሉ፣ ወይም ቃሉ እየተቆራረጠ ይደጋገማል። የመብራቱ ኃይል በሚወርድበት ሰዓት ራውተሩ ራሱ እየጠፋ ቢበራ ደግሞ ጉድለቱ የኢንተርኔት ሳይሆን የኃይል ነውና፣ የራውተሩን አዳፕተር መመርመር፣ ማረጋጊያ መጠቀምም ያሻል።

ሦስተኛው ክፍል አየሩ ነው። ሞገድ ረቂቅ ቢሆንም ግዙፍ ነገር ያግደዋል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያደክመዋል፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ይመልሰዋል፤ የውሃ ታንከር ይውጠዋል፤ ትልቅ መስተዋት ከኋላው ባለው ብረታማ ቅብ ምክንያት ያንጸባርቀዋል። ራውተሩን ለመደበቅ ብሎ ከቴሌቪዥን ኋላ ወይም በብረት ሳጥን ውስጥ ማኖር፣ ተናጋሪውን አፉን ሸፍኖ ተናገር ማለት ነው፤ ከፍ ባለና በመካከለኛ ስፍራ ይቀመጥ። በ2.4 ጊጋ ሄርዝ 13 ያህል መስመሮች ቢቆጠሩም እርስ በርሳቸው የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በ6 ላይ ከተደረደረ ወደ 1 ወይም 11 መሸጋገር ይጠቅማል፤ በመካከል 4ን ወይም 8ን መምረጥ ግን ሁለቱን ወገን መረበሽ ነው። 5 ጊጋ ሄርዝ የሚያውቅ ራውተር ካለ፣ ፍጥነቱ ይበልጣል፣ ጎረቤትም ያንሳል፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያሸንፈዋልና ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ላለ ሰው ይስማማል። ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.4 ላይ ስለሚሠራ በሥራ ላይ ሳለ ይረብሻል፤ የእንጀራ ምጣድ በማሞቂያ ሽቦ የሚሠራ ስለ ሆነ በሞገድ በኩል ምንም በደል የለበትም።

አራተኛው ክፍል ሰዎቹ ናቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ምሥጢር አለ። ኤዲኤስኤል ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የመላኪያው ስፋት አንድ ሜጋ ቢት እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። አንድ የቤቱ ልጅ ከሰርግ ተመልሶ ስልኩ ያነሣቸውን ሥዕሎችና ፊልሞች በድብቅ ወደ ሩቅ ማኅደር መላክ ከጀመረ፣ ያች ጠባብ መንገድ ትሞላለች፤ ኮምፒዩተር ደግሞ የተቀበለውን ነገር «ደርሶኛል» የሚል መልስ እየላከ ብቻ የሚቀበል ስለ ሆነ፣ መልሱ በተጣበበው መንገድ ላይ ሲዘገይ መቀበሉም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ምንም ሳያወርድ ኢንተርኔቱ ሞተ ይላል። የስልኮቹን የራስ ሰር መላኪያ ለሌሊት ማድረግ፣ ለእንግዳና ለጎረቤት የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቶ ልክ መስጠት፣ የይለፍ ቃሉንም በጊዜው መለወጥ ለጋስነትን ሳይነካ ቤቱን ያሳርፋል። ልኬቱ በንጋት ጥሩ፣ በምሽት ሁለት ሰዓት መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ግን፣ በገመድም ቢለካ ያው ከሆነ፣ ጭነቱ ከቤት ውጭ በሰፈሩ የጋራ መስመር ላይ ነው፤ የሰዓቱን ልዩነት መዝግቦ ይዞ የሚቀርብ ደንበኛ «ይንቀራፈፋል» ብቻ ከሚለው ይልቅ ለቴክኒሻኑ ብዙ ድካም ያቀልለታል።

ፋይበር እስከ ቤት በገባበት ስፍራ የመዳቡ ደዌ ሁሉ አብሮ ይቀራል፤ ዝገት የለም፣ መንሿሿት የለም፣ ከካቢኔቱ መራቅም ያን ያህል አይጎዳም። በምትኩ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል፤ የመስተዋቱ ክር በበር ማዕዘን ላይ በኃይል ከታጠፈ ብርሃኑ በእጥፋቱ ያመልጣልና፣ ዕቃ ሲያንቀሳቅሱ ገመዱን መርገጥና በምስማር መቀርቀር አይገባም። የራውተሩ የአየር ክፍል ግን ያው ነው፤ ግንቡም ቆርቆሮውም የጎረቤቱም ሞገድ አልተለወጡም። በፋይበሩ ሳጥን ላይ ሎስ የሚል ጽሑፍ ያለባት መብራት ቀይ ሆና ከበራች፣ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነውና በቤት ውስጥ ያለውን ማስነሣትና ማዟዟር ከንቱ ድካም ነው፤ 994 ደውሎ የመስመሩን ቁጥርና መብራቷ የበራችበትን ሰዓት መንገር ብቻ ይቀራል።